አፋፍ ጠባቂው

ድምፁ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰማ የንፍሮው ሰፌድ በሴቶቹ መካከል ቆመ።

«ገደል!»

የመጣው ከታች ነው፤ ከሜዳው ማዶ፣ የአንኮበር ደጋ እንደ ዳቦ ተገምሶ ወደ ቆላው ከሚወድቅበት አፋፍ። ጉሙ ከማለዳ ጀምሮ የለቅሶውን ዳስ ውጦታል። በዳሱ አፍ የቆመው ምሰሶ እንኳ ከወገቡ በላይ አይታይም። ሴቶቹ ንፍሯቸውን በእፍኛቸው እንደያዙ ተያዩ። የሚያኝክ ጠፋ።

«ሰማችሁ?» አለች በሰለች፤ የአጥር ጎረቤት ናት፤ ሙሾ አውራጅም እሷው። «ነፍሱ ልማዷን አልተወችም። አፈር ከለበሰ ዛሬ ሦስት ቀኑ፣ እሱ ግን አሁንም ሥራው ላይ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን ያዢ! ባለቤቲቱ ተቀምጣለች» አለቻት አጠገቧ ያለችው።

«ምን ክፉ ወጣኝ? እኔ እንደሆንኩ ስሞት ለጠላ ካልጠራችሁኝ አልመለስም።»

አንዲቱ ሳቀችና ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

ወለተሐና አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ፀጉሯ ተላጭቶ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ አጎዛው ላይ እንደተቀመጠች ጆሮዋን ወደ ገደሉ አቅንታ ነበር። ከባሏ ከየሺጥላ ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣራ ኖራለች። ሲቆጣ፣ ሲያስል፣ በእንቅልፉ ሲያቃስት ድምፁን ታውቀዋለች። ይህ የእሱ አልነበረም። ይህ የወጣት ድምፅ ነው፤ ጉሮሮው ያልሻከረ፣ የሃያ ዓመት ሰው ድምፅ።

ለማንም አልተናገረችም።

በሰለች ዝምታውን ልታሸንፈው አስባ ሙሾዋን አወረደች፤

«ጉም የጋረደውን በዱላው የገለጠ፣
ሺህ ቆሞ ሲመለከት እሱ ብቻ ሮጠ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ወለተሐና እጇን አነሣችና መልሳ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ከቀብሩ ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣትም። ሰው ሁሉ «ደንግጣ ነው» ይላታል።

የሺጥላ በሬ ጠምዶ የሚኖር ገበሬ ነበር፤ በወጣትነቱ ደግሞ የቅኔ ተማሪ። ጉም ሲወርድ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ሞፈሩን ከትልሙ ውስጥ እንደተተከለ ትቶ፣ ጉርሻውን ገበታው ላይ መልሶ፣ አንድ ጊዜማ የገዛ ልጁን ክርስትና አቋርጦ ወደ አፋፉ ይሄዳል። እዚያ ቆሞ ጉሙ እስኪነሣ ድረስ በየትንፋሹ «ገደል!» ይላል። ከአልዩ አምባ ገበያ የሚወጡ የአርጎባ ነጋዴዎች አንድ ቀን በድምፁ በቅሎዎቻቸውን ከሞት መለሱ። አሞሌ ጨው ይዘው ቢመጡለት እባብ እንደተወረወረበት ሰው ሸሻቸው።

«ማንም ሰው በሌለበት ቀን ምን ያስጮህሃል?» ብላው ነበር ወለተሐና፣ ገና ሙሽራ ሳለች።

«ማንም አለመኖሩን በምን አውቃለሁ?» አላት።

አገሩ «ደግነት» አለው፤ እሷም «ደግነት» አለችው።

ከቀትር በኋላ የኔታ ወልደተንሣኤ በተማሪ እጅ ተመርተው መጡ። የአፋፍ ኪዳነ ምሕረት ቅኔ ቤት መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ አሥር ዓመት ሆኗል። መሪያቸው የወለተሐና ልጅ፣ ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ነበር።

«ወለተሐና ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉ። «እኔ የገና መቺዬን አጣሁ፤ አንቺ ባልሽን።»

«አሜን የኔታ።»

«ቅኔ ቤቱን ያስከበረበትን ያን ምት ሺህ ሰው አየሁ ይላል። ውሸታቸውን ነው። ያኔ ለእኔም ዓይን ነበረኝ፤ ጉሙ ግን ያለውንና የሌለውን ሰው አስተካክሎን ነበር። እኔ በጆሮዬ ነው ያየሁት።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ዘርአ ዳዊት ሳቀና ወዲያው ዓይኑ እንባ ሞላ። የአባቱን የገና ዱላ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከእጁ አላወጣውም።

«በሰባቱ ስሙ ይጠራል፤ የሚጠራው ልጁ ነው» አሉ የኔታ። «አንቺ ትመልሻለሽ። ወጉን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። በየዓመቱ በታኅሣሥ ቅኔ ቤቱና የከተማው አሽከሮች ከአፋፉ ሜዳ ገና ይጫወታሉ። ቅኔ ቤቱን ያስከበረ መቺ ስሙ በተአምረ ማርያሙ መጨረሻ፣ ባዶ በቀረው ብራና ላይ ይጻፋል። የሺጥላ እስከሞተበት ዓመት፣ እስከ ፲፰፻፸፮ ድረስ፣ የተጻፉት ዘጠኝ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት በሰባተኛው ቀን ከለቅሶው ቤት ስማቸው በሙሉ ይጠራል። በሕይወት ያለው «አለሁ» ይላል። ለሞተው ዘመዱ «አለ» ይልለታል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ያጣ ስም ከብራናው ይፋቃል። እስካሁን ግን የተፋቀ የለም። ሟቹን «የለም» የሚል ዘመድ ከየት ይመጣል?

«እማዬ» አላት ዘርአ ዳዊት የኔታን ሊመራ ሲነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን እየሳመ። «ጮክ ብለሽ በይልኝ እሺ? እስከ ታች እንዲሰማ።»

ራሱን ዳበሰችው።

የሺጥላ በሞተ ዋዜማ፣ ፀሐይ ገና ከደጅ ሳለች፣ ልጁን ለውሃ ልኮ ጠርቷት ነበር።

«የጉሙን ዓመት ታውቂዋለሽ» አላት።

«ያልሰማ ማን አለ?»

«ገብረ ሕይወትንስ?»

እሱንም ታውቀዋለች፤ ስሙን ብቻ። በዚያው ቀን ገደል የገባው ተማሪ ነው። ቅኔ ቤቱ በጉም መጫወት ኩራቱ ነበር፤ ከተሜዎቹ ስለሚፈሩት። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ሰው በዕጣ አፋፍ ጠባቂ ይሆናል። አፋፍ ጠባቂ እሩሩን፣ ያንን ከወይራ ሥር የተጠረበ ድቡልቡል፣ አይነካም። እግሩን ከተከለበት አያነሣም። ሥራው ያለማቋረጥ «ገደል!» ማለት ነው። ሯጩ ያንን ድምፅ ሲሰማ የት እንዳለ ያውቃል። ያን ዓመት ዕጣው ለገብረ ሕይወት ወጣ፤ ገብረ ሕይወትም ገደል ገባ። ሬሳው አልተገኘም። ጠባቂው ሰክሮ ከገዛ ስፍራው ወደቀ ተባለ። እናቱ ይህን እየሰማች ሞተች። እህቱ አስካለማርያም ትዳሯን ትታ መነኮሰች።

«ዕጣው የእሱ ነበር» አለ የሺጥላ። ትንፋሹን እየቆጠበ ነበር የሚናገረው። «እኩለ ጨዋታ ላይ መጣና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልምታ፣ ቁምልኝ አለኝ። መትቶ አያውቅም ነበር። ቆምኩለት። ጉም ነው፤ ያየን የለም።»

«እሺ።»

«ስጮህ ቆየሁ። ከዚያ እሩሩ መጣና እግሬ ሥር ቆመ። አልጠራሁትም፣ ወለተሐና። እንደ ውሻ መጥቶ እግሬ ሥር ቆመ።»

ወለተሐና የጋቢውን ጫፍ ጨበጠች።

«መታሁት። ተከትዬው ሮጥኩ። እየሮጠ የሚጮህ የለም፤ ዝም አልኩ። እሱ ደግሞ ድምፄን ሲያጣ ገደሉ ሩቅ መሰለው።» ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ እሩሩን ከከተሜዎቹ ወሰን ሳሳልፍ እልልታው ቀለጠ። በእልልታው መካከል አንድ ነገር ሰማሁ። ሲሸከሙኝ አሁን እነግራለሁ እል ነበር። ሲያወርዱኝም። ስሜን ሲጽፉም።»

«ለነፍስ አባትህስ?»

«ነግሬያለሁ። ንስሐ ሰጡኝ፤ ብራናውን ግን ንስሐ አይፍቀውም። በሰባቴ ስሜ ሲጠራ ዝም በይ። የሱን አስጠሪለት።»

«ልጅህስ? ያንን መጽሐፍ አቅፎ የሚያድረው ልጅህስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ሞተ።

ጉሙ በአራተኛውም በአምስተኛውም ቀን አልተነሣም። ድምፁም አልተወም። ወንዶች ሁለት ጊዜ ተሰብስበው እስከ አፋፉ ወረዱ። እየቀረቡት ሲሄዱ ድምፁ አይጎላም፤ ሲርቁትም አይደክምም። አፋፉ ላይ የተገኘው እርጥብ ሣር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ሲቆምበት እንደዋለ ሁሉ በሁለት እግር ልክ የተኛ። ከዚያ በኋላ የወረደ የለም። ይሁን እንጂ ከቆላ የሚወጡ መንገደኞች ዳሱን ሲያገኙ ገብተው ያለቅሱ ነበር። «ድምፁ መለሰን» ይላሉ። ባለ ድምፁ ግን ማን እንደሆነ የሚነግራቸው አልነበረም።

እማሆይ አስካለማርያም በየቀኑ ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ፤ ከሁሉ ኋላ ይሄዳሉ። ከዳሱ አፍ አጠገብ፣ ብርዱ ከሚመታበት ይቀመጣሉ። ወለተሐና ወደዚያ አትመለከትም። በስድስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲበተን ግን መነኩሲቱ ተነሥተው አጎዛው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ድምፁን ትሰሚዋለሽ።»

«እሰማለሁ እማሆይ።»

«ያንቺ ባል አይደለም።»

ወለተሐና ቀና አለች። «በምን አወቁ?»

«መጨረሻውን ሲጎትተው። ዜማ ቤት ነው ያን ያስለመዱት፤ በቤታችን ‘ውሃ አምጪ’ ሲለኝ እንኳ እንደ መዝሙር ይጎትተው ነበር። እናቴ ትስቅበት ነበር።» እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አነባበሩ። ጥፍሮቻቸው ነጭ ነበሩ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብሎ ኖሯል። እንግዲህ ባልሽ አፈር በለበሰ በሦስተኛው ቀን ስፍራውን የያዘው ለምንድን ነው?»

ወለተሐና የአጎዛውን ጠጉር ነጨች።

«ንገሪኝ እስቲ ልጄ፣ የሺጥላ ለምን ነበር እዚያ የሚቆመው?»

ዘርአ ዳዊት ከዳሱ ውጭ ለነገው ወንበር ሲያስተካክል ይሰማታል። አንዱን ተማሪ «ያ የአባቴ ወንበር ነው፣ ከፊት አድርገው» ይለዋል።

«ደግ ሰው ስለነበረ ነው» አለች።

እማሆይ ትኩር ብለው አዩዋት። «እሺ» አሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ጉሙ ውስጥ ገቡ።

በሰባተኛው ቀን ዳሱ ሞልቶ ሰው ከውጭ ቆመ። ተማሪዎቹ ነጠላቸውን መስቀለኛ ጥለው በሁለት ረድፍ ተሰለፉ። ድምፁ ከማለዳ ጀምሮ ሳያርፍ ይጠራል፤ ሰውም ለምዶት በየመካከሉ ይነጋገራል። በሰለች እንኳ «ዛሬስ ጉሮሮውን ያደርቀዋል መሰለኝ» ብላ ነበር።

ዘርአ ዳዊት መጽሐፉን ገለጠ።

የመጀመሪያውን ስም ሲጠራ ከአፋፉ የሚመጣው ድምፅ ቆመ።

ሁሉም ሰማው። አምስት ቀን ሙሉ ያልተቋረጠ ነገር በድንገት ሲቋረጥ ጆሮ ይጮሃል። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ዘርአ ዳዊት ንባቡን ቀጠለ። «አለ» አለ የአንዱ የልጅ ልጅ። «አለ» አለች የሌላው እህት። ገብረ ጻድቅ የሚባሉ ጥርስ የሌላቸው አዛውንት «አለሁ፣ ምን አባቴ ልሁን!» አሉና የፈሩት ሰዎች በሳቅ ተነፈሱ።

«የሺጥላ» አለ ዘርአ ዳዊት።

ወለተሐና ዝም አለች።

ልጁ ቀና ብሎ አያት። ሰው አዘነላት፤ ሐዘን ያሸነፋት መሰለው። አንዲት ሴት ከኋላ «በይ እንጂ እቴ» ብላ ትከሻዋን ነካቻት።

«የሺጥላ።»

እናት ልጇን አየችው። በእጁ የአባቱን ዱላ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ላይ ይዞታል፤ ዱላው መጽሐፉን፣ መጽሐፉ ዱላውን ያንሸራትታል። ከንፈሩ «እማዬ» ይላል፤ ድምፅ የለውም። አንዲት ቃል ናት። ብትላት ሁሉም በየቤቱ ይገባል። ከዳሱ አፍ፣ ብርድ ከሚመታበት፣ እማሆይ አስካለማርያም አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ከእሷ ምንም የሚጠብቁ አይመስሉም። ወለተሐናን የሰበራት ይህ ነው።

ሦስተኛው ጥሪ እንደ ሹክሹክታ ወጣ። «የሺጥላ።»

«የለም» አለች።

ዳሱ ተንጫጫ። ተነሣችና ምሰሶውን ያዘች።

«የለም። ያን ቀን ስፍራው ላይ አልነበረም። የገብረ ሕይወትን ተራ ተቀብሎ አፋፍ ጠባቂ የነበረው የሺጥላ ነው። ከአደራው ላይ እሩር ተከትሎ ሄደ። ገብረ ሕይወት አልሰከረም፤ ጠሪ አጥቶ ነው የወደቀው። ባሌ ሊሞት ሲል ነገረኝ። ሰባት ቀን ደበቅሁ። ትናንት ደግሞ ተጠይቄ ዋሸሁ።»

«ሐዘን አሳበዳት» አለ አንድ ሰው።

«ዝም በሉ» አሉ የኔታ። ፊታቸው ወደ ማንም አልዞረም። «ያን ቀን የምቱን ድምፅ ከቀኝ፣ ከገደሉ በኩል፣ ሰምቼው ነበር። በቀኝ በኩል ማን አለ? ከጠባቂው በቀር በቀኝ የሚቆም የለም። ሰማሁ። ዝም አልኩ።» መሬቱን በዱላቸው መቱ። «አሸንፈን ነበራ!»



«አንብብ ልጄ» አሉ።

«ምን ላንብብ የኔታ?» ድምፁ ተሰበረ። «አልተጻፈም።»

«ያልተጻፈውን ጥራ።»

ዘርአ ዳዊት መጽሐፉን አላየም። ወደ ጉሙ እያየ ነበር የጠራው። «ገብረ ሕይወት።»

እማሆይ አስካለማርያም ቀስ ብለው ተነሡ። ያንን ስም ከእናታቸው ሞት በኋላ እስከዚያ ቀን በሰው አፍ ሲጠራ ሰምተውት አያውቁም ነበር። አፋቸው ተከፈተ፤ ተዘጋ፤ እንደገና ተከፈተ።

«አለ» አሉ።

ሰው ሁሉ ከአፋፉ አንድ ነገር የሚመለስ መስሎት አዳመጠ። ምንም አልተመለሰም።

ዘርአ ዳዊት መጽሐፉን ዘግቶ በማኅደሩ ከተተ። የኔታን እጅ ይዞ በተማሪዎቹ መካከል ወጣ። በእናቱ ፊት ሲያልፍ ጉልበቷን አልሳመም።

ከሰባቱ ሥርዓት በኋላ ባለቤቲቱ ወደ መቃብር ትሄዳለች፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት። ያን ቀን ወለተሐና ስትንቀሳቀስ አብሯት የተንቀሳቀሰ አልነበረም። በሰለች መሬት መሬት ታይ ነበር። ወለተሐና ብቻዋን ወጣች።

የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ አፋፉን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በግራ አለት ነው፤ በቀኝ ምንም የለም። ጉሙ ከመቼውም ይልቅ ወፍሮ የገዛ እግሯን ከልሎባታል። ጥቂት እንደሄደች ከኋላዋ የመቋሚያ ድምፅ ሰማች። ማን እንደሆነ ዘወር ብላ አላየችም። ዝግታው ነገራት።

ቆማ አዳመጠች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጉም በወረደ ቁጥር አፋፉ ላይ የሚጠራ ታጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ማንም የለም። የሺጥላም ገብረ ሕይወትም የለም። ገደሉ በቅርብም ሊሆን ይችላል፤ በሩቅም። እግሯን ማንሣት አቃታት፤ እንባዋም ያኔ መጣ፤ የሰባት ቀኑ ሁሉ በአንድ ላይ፣ ያለ ድምፅ፣ የተላጨ ራሷን እየወዘወዘ።

እማሆይ አስካለማርያም ደረሱባት። ከአለቱ ጎን ወጥተው በፊቷ አለፉና በገደሉ በኩል ቆሙ። የቀኝ እጇን አንጓ ያዙ። በትከሻቸው ቀስ አድርገው ወደ አለቱ አስጠጓትና እንደያዟት መራመድ ጀመሩ።